አባቴ ሞተር ሲቀምስ

ባለፈው ኅዳር ለቅሶ ለመድረስ ቡሬ ሄጄ፣ ከአውቶቡስ እንደወረድኩ ሦስት ጊዜ አስነጠሰኝ። ከመናኸሪያው ማዶ አንድ ነጋዴ በርበሬውን መጋዘኑ ደጅ ላይ አስጥቶታል፤ እዚያው አጠገብ አንድ የባጃጅ ሹፌር ከሃይላንድ ጠርሙስ ቤንዚን ይቀዳል። ሁለቱ ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ሣቄ መጣ። ሹፌሩ ደህና መሆኔን ቢጠይቀኝ፣ ደህና ነኝ፣ አባቴ ሸተተኝ አልኩት። አየት አድርጎኝ ወደ መቅዳቱ ተመለሰ።

አባቴ አምባው መካኒክ ነበር። ጋራዥ ነበረው ስል ግን ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከበርበሬ መጋዘን ጎን የተዘረጋ የቆርቆሮ ጥላ፣ ሰው ገብቶ መኪናን ከሥር የሚያይበት ጉድጓድ፣ ሞተር የሚነሣበት ሰንሰለት የተንጠለጠለበት የባሕር ዛፍ ግንድ፤ በቃ ይኸው ነው። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። አባቴ በፊተኛው ጦር ጥገና ክፍል ሲሠራ ኖሮ፣ ጦሩ ሲበተን ብዙውን መንገድ በእግሩ ነው የመጣው። ይዞት የተመለሰው ንብረት ሁለት ካቻቪቴ ብቻ ነበር። አጭሩ ብሎን ይፈታበታል። ረጅሙን ባለ እንጨት እጀታውን ግን ለሌላ ሥራ ነበር የሚያኖረው።

የታመመ መኪና ሲመጣ ረጅሙን ካቻቪቴ ያወጣና ጫፉን ከሚሠራው ሞተር ላይ ያሳርፈዋል፤ እጀታውን በጥርሱ ነከስ ያደርግና ዓይኑን ይጨፍናል። እንዲያ ሆኖ ብዙ ይቆያል። ከዚያ ካቻቪቴውን ከአፉ አውጥቶ የሞተሩን በሽታ ይናገራል። እኔ ታዲያ አባቴ ሞተር የሚቀምስ ይመስለኝ ነበር። እቤት የእናቴን ወጥ አንዴ ቀምሶ ጨው አነሰው ይል የለ? ያው ምላስ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ትምህርት ቤት ለልጆቹ ሁሉ አወራሁት፤ የታመመ ሞተር ይመራል፣ ጤነኛው ይጣፍጣል እያልኩ። አንድ ቀን ማንም ሳያየኝ የአንዱን አይሱዙ ሞተር በምላሴ ላስ አደረግሁት። እናቴ አፌን በሳሙና ስታጥበኝ አመሸች፤ የትኛው ሞተር ጣፋጭ እንደሆነ ሳላውቅ ቀረሁ።

ሌላም የተሳሳትኩት ነገር ነበር። እናቴ አባቴን ስታናግረው ሁልጊዜ ፊት ለፊቱ ሄዳ ቆማ፣ ዓይኑን እያየች ነበር። የሌሎች ልጆች እናቶች ከጓዳ ሆነው ይጣራሉ፤ የኔ እናት ግን እጇ ላይ ሊጥ እንዳለ መጥታ ከፊቱ ትቆማለች። ይህን ያህል የሚዋደዱ ባልና ሚስት ቡሬ ውስጥ የሉም እያልኩ እኮራ ነበር። መዋደዱንስ ይዋደዱ ነበር፤ ፊቱ የምትቆመው ግን ለዚያ አልነበረም።

አምስተኛ ክፍል የገባሁ ጊዜ መስከረም ላይ፣ ከአባቴ ጋር በዋናው መንገድ እየሄድን አንድ ጋሪ ከኋላችን መጣ። ባለጋሪው ይጮኻል፣ ፈረሱ ቃጭሉን ያንቃጭላል፣ አባቴ ግን መሀል መንገዱን ይዞ ይሄዳል። በኮቱ ጎትቼ ባላወጣው ኖሮ ፈረሱ ደርሶበት ነበር። ባለጋሪው ሰድቦን አለፈ። አባቴ ስድቡንም አልሰማው። ፊቴን አይቶ ነው የገባው መሰለኝ፤ ቦይ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ከፊቱ አቆመኝ።

«የሺ፣ ጆሮየ ደክሟል» አለኝ። «መድፍ ጎን ነው ስንት ዓመት ያደርሁት። ወፍራም ወፍራሙን በጥርሴ እሰማዋለሁ፤ ቀጭን ቀጭኑ ነው ጥሎኝ የሄደው። ለማንም እንዳትነግሪ። ለማይሰማ መካኒክ መኪናውን የሚሰጥ ሰው የለም።»

የካቻቪቴው ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። ትንሽ ቅር አለኝ፤ ሞተር የሚቀምስ አባት ይበልጥብኝ ነበርና። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የተሻለ ነገር አገኘሁ። እማር የነበረው በጠዋቱ ፈረቃ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ጋራዡ እመጣና የመኪናው ጭቃ መከላከያ ላይ ቁጭ እላለሁ። አባቴ መዳፉን ይዘረጋልኛል፤ እኔም የሰማሁትን የሞተር ምት በጣቴ መዳፉ ላይ እመታለታለሁ። ምቱ እኩል ከሆነ ራሱን ይነቀንቃል፤ ካነከሰ ያስደግመኛል። የሚያልፍ የሚያገድመው ሰው አባትና ልጅ የሚጫወቱ ይመስለው ነበር። አምባው ሴት ልጁን አሞላቀቃት ይባል እንደነበር ሰምቻለሁ። እኔ ግን እንደዚያ ዓመት ሥራ ያለኝ ሰው ሆኜ አላውቅም።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል አያ ቢተው መጡ። አያ ቢተው ሸራ የለበሰች ፒካፕ ያላቸው፣ ከቡሬ ማንኩሳ፣ ከማንኩሳ ፍኖተ ሰላም ሰውና በርበሬ የሚያመላልሱ፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሰው ነበሩ። የፒካፗ ሞተር ሞቶ፣ ከአዲስ አበባ ያገለገለ ሌላ ሞተር ገዝተው በጭድ ሸፍነው በአይሱዙ አስመጥተዋል። ልጃቸውን ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ለፍኖተ ሰላም ሰው ሊድሩ ነው፤ ሙሽራዋም የምትሄደው በዚያችው ፒካፕ ነው። ሙሽራ የጫነ መኪና መንገድ ላይ ከቆመ ደግሞ ሙሽራዋ ገደ ቢስ እንደምትባል አገሩ ያውቀዋል።

ለአባቴም ነገሩ ከአንድ መኪና በላይ ነበር። ፍኖተ ሰላም አዲስ ጋራዥ ተከፍቶ ሁለት ደንበኞቹ ወደዚያ ሄደውበታል። አያ ቢተው ገበያ ላይ በዚያ ድምፃቸው፣ አምባው ይህን ሞተር ከገጠመልኝ የቡሬ መኪና ሁሉ የሱ ነው፣ ካቃተው ግን እኔም መንገዱን አውቀዋለሁ ብለው ተናግረዋል። እናቴ ይህን ከገበያ ይዛ መጥታ ፊቱ ቆማ ስትነግረው አየሁ። እሱ ሄዶ እጁን ታጠበ።

አሮጌው ሞተር በሰንሰለቱ ወጣ፤ መጤው ገባ። አባቴ እየደጋገመ እያየ፣ እየለካ፣ ሳይቸኩል ሠራው። ጥምቀት ሳምንት ሲቀረው ቁልፉ ዞረና ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሣ። በርበሬ የሚቀነጥሱት የመጋዘኑ ሴቶች እልል አሉ። እልልታው ሳያልቅ ሞተሩ መንገዳገድ ጀመረ። ቤንዚን ሲረገጥለት ደህና ይሮጣል፤ እግር ሲነሣለት ግን ኮቴዋ ውስጥ ጠጠር እንደገባባት በቅሎ ያነክሳል። አባቴ በሚሠራው ሞተር ራስ ላይ ውሃ የሞላ ብርጭቆ አስቀመጠ። ይህ የዓይኑ መስሚያ ነበር። ውሃው ፈሰሰ፤ ብርጭቆው እየዘለለ ወደ ዳር ሲሄድ ለቀም አደረግሁት። መዳፉን ዘረጋልኝ፤ ሦስት መታሁና አንዱን ዘለልኩ፤ ሦስት መታሁና አንዱን ዘለልኩ። ከአራቱ አንዱ አይሠራም ማለት ነው።

የትኛው? ሞተሩ አራት ካንዴላ አለው፤ እያንዳንዱ ለአንዱ ሲሊንደር እሳት ይሰጣል። መካኒክ የካንዴላውን ሽቦ አንድ በአንድ ይነቅላል። ሲነቀል ሞተሩ ከፊቱ ይልቅ ከተንገዳገደ፣ ያ ሲሊንደር ሲሠራ ነበር ማለት ነው። ሲነቀል ምንም ካልተለወጠ ሰነፉ እሱ ነው። ሞተሩ ሳይነቀልም ይንቀጠቀጥ ስለ ነበር ይህን ልዩነት በዓይን፣ በእጅና በጥርስ መያዝ ያስቸግራል፤ ጆሮ ይጠይቃል። አያ ቢተው አጠገባችን ቆመው ያያሉ። አባቴ የመጀመሪያውን ነቀለ፤ ተለወጠ፣ በራሴ ምልክት ሰጠሁት። ሁለተኛውን ነቀለ። ቀና ሲል ፊቱ በርቷል።

«ይኸኛው ነው፣ አይደል?» አለኝ።

አልነበረም። ሞተሩ ሲነቀልበት ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር፤ በደንብ ሰምቻለሁ። ግን አባቴ ደስ ብሎታል፤ አያ ቢተውም ያዩታል። በኛ አገር ልጅ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት የሚማረው ትልቅ ሰው የተናገረውን አይደለም አለማለትን ነው። «አዎ አባየ» አልኩ። ከዚያ በኋላ ሦስተኛውንና አራተኛውን መንቀል አላስፈለገውም።

ያች አንዲት አዎ ስንት ቀን እንደበላች ልንገራችሁ። አባቴ የሞተሩን ራስ ሙሉውን ፈታው። የሁለተኛውን ሲሊንደር ውስጡን በባትሪ አየ፣ ጠረገ፣ እንደገና አየ። ንጹሕ ነበር። መልሶ ገጠመው፤ ሞተሩ እንደ ፊቱ አነከሰ። እንደገና ፈታው። ጥምቀት ደርሶ አገሩ ሁሉ ታቦት ሊያጅብ ሲወጣ፣ እሱ በቆርቆሮው ጥላ ሥር የጠራውን ብረት ይጠርግ ነበር። አያ ቢተው በበዓሉ ማግስት መጥተው እንደ ወትሮው አልጮኹም፤ ቀስ ብለው፣ ቅዳሜ ካልደረሰ በአይሱዙ አስጎትቼ ፍኖተ ሰላም እወስዳታለሁ አሉ። ቀስ ማለታቸው ከጩኸታቸው ይከፋ ነበር።

ንጋትና እውነት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ ግን ሌላ ሌሊት ማደር አልቻልኩም። የዚያኑ ዕለት ማታ አባቴ ደጅ ላይ እጁን በኦሞ ሲታጠብ፣ እናቴ እንደምታደርገው ፊቱ ሄጄ ቆምኩ።

«አባየ፣ ዋሽቻለሁ። ሁለተኛው አልነበረም። ሲነቀል ተለውጦ ነበር።»

ከንፈሬን አይቶ ያልገባው መስሎት አስደገመኝ። ደገምኩለት። ቀበቶውን እጠብቃለሁ። ለምን ዋሸሽ አለኝ። ደስ ያለዎት መስሎኝ አልኩት። ክንዱን እንደገና በኦሞ አሸ። ኋላ እጁን ለቅልቆ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ስሚኝ። ሰው ፊት ጨዋ ሁኚ፤ እናትሽ ያስተማረችሽን አትጣይ። ሞተር ፊት ግን ጨዋ ልጅ አልፈልግም። እኔ ልክ ነኝ ስል አንች አይደለም ካላልሽኝ፣ የማይሰማ ሰው ሁለት ሆን ማለት ነው።»

ቢመታኝ ከማለቅሰው ይልቅ ይህ አስለቀሰኝ። ግን ልቅሶው ውስጥ አንድ ደስ የሚል ነገር ነበረበት። ከተማው ሁሉ የሚያውቀው መካኒክ፣ ከኔ ስድነት ለምኗል።

በማግስቱ ጠዋት ትምህርት ቤት አልሄድኩም። እንደገና አንድ በአንድ ነቀለ። አንደኛው ተለወጠ፣ ሁለተኛው ተለወጠ፣ ሦስተኛው ተለወጠ። ከሹፌሩ ጋቢና አጠገብ ያለው አራተኛው ሲነቀል ሞተሩ ምንም አላለም። አባቴ የአራተኛውን ካንዴላ ቀየረ፣ ሽቦውንም ቀየረ። ትንሽ የተሻለው መሰለ። ግን አሁንም እግር ሲነሣለት ያነክሳል። እንዲህ እንዳለን ቅዳሜ ደረሰ።

አያ ቢተው የመጡት ብቻቸውን አልነበረም። የንስሐ አባታቸው አባ ጥጋቡ መስቀላቸውን ይዘው፣ ፒካፗን የሚነዳው የእኅታቸው ልጅም ነጠላ ጫማውን በቆዳ ጫማ ቀይሮ መጥተዋል። ሹፌሩ ዘሎ ገባና አስነሣ፤ አስነሥቶም ቤንዚኑን ረግጦ ያዘ። ሞተሩ አገር አናጋ። አባ ጥጋቡ መስቀላቸውን አንሥተው ባረኩ፤ ሙሽራዋን በሰላም ያድርስ አሉ። አያ ቢተው ሣቃቸው ተመለሰላቸው፤ የአባቴን ትከሻ እየመቱ፣ አምባው አላሳፈርኸኝም አሉት። ሹፌሩ እግሩን አነሣና አጠፋው። በማንሣቱና በማጥፋቱ መካከል ሦስት ትንፋሽ የምታህል ጊዜ ነበረች። በዚያች መካከል ሰማሁት፤ ማነከሱን፣ ከማነከሱም ሥር አንድ ቀጭን ድምፅ።

አባቴ ወደኔ ዞረ። የሱ ፊት በርቷል፤ የሁሉም ፊት በርቷል። መስቀሉ ገና ከአባ ጥጋቡ እጅ ከፍ እንዳለ ነው።

«አይደለም» አልኩ። «አልተስተካከለም።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚሉት ይኸ ነው። ቃሉን ራሴ መናገሬን ያወቅሁት ሴቶቹ ከበርበሬው ቀና ሲሉ ነው።

አያ ቢተው ወደ አባቴ ዞረው፣ «አምባው፣ ቄስ የባረኩትን ልጅህ ናት የምትሽረው?» አሉ።

አባቴ ግቢ ግቢ ሊለኝ ይችል ነበር። ሹፌሩ ቤንዚኑን ረግጦ ይዞ ሙሽራዋን ያደርሳታል፤ ሞተሩ ቢያነክስ የሚያነክሰው ከሠርጉ በኋላ ነው፤ አባቴም ስሙ ይተርፍለታል። የአያ ቢተውን ከንፈር አየ፣ የኔን ፊት አየ። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘው።

«አያ ቢተው፣ ይቅርታ ያርጉልኝ» አለ። «እኔ ጆሮየ አይሰማም። ከጦሩ ከተመለስሁ ጀምሮ ነው። ሰው እንዳይሸሸኝ ደብቄው ነው። የእርስዎን መኪና እስካሁን የምትሰማልዎ እሷ ናት። እሷ አልተስተካከለም ካለች፣ አልተስተካከለም።»

የዚያን ጊዜ የተሰማኝን በስሙ ልጥራው፤ ኩራት ነው። አባቴ ስንት ዓመት የደበቀውን፣ እናቴ ፊቱ እየቆመች የደበቀችለትን፣ እኔን እንዲያምኑኝ ሲል እዚያ ሁሉ ሰው መካከል አስቀመጠው። ቀድመው የተናገሩት አባ ጥጋቡ ናቸው። መስቀላቸውን ቀስ ብለው ወደ ደረታቸው መለሱና፣ ቡራኬው ለሙሽራዋ ነው፣ ለሞተሩ የልጅቱ ጆሮ ይበቃዋል አሉ። ወደኔም ጎንበስ ብለው፣ በይ ልጄ፣ ምን ሰማሽ ብለው ጠየቁኝ።

ቃል አልነበረኝም። የሞተር ቃል የሚያውቀው አባቴ ነው፤ እኔ የማውቀው የቡሬን ድምፅ ነው። ፊቱ ሄጄ ቆምኩና፣ «በርበሬ የበዛበት ሰው ሆኗል» አልኩት። «ስስስ እያለ አየር ይስባል።» አደረግሁለትም፤ ጥርሴን ገጥሜ፣ ምላሱ እንደተቃጠለ ሰው ወደ ውስጥ ሳብኩ። ሴቶቹ ሣቁ። አባቴ ሣቁን አልሰማም፤ አፌን ነው የሚያየው።

«ይስባል?» አለ። «አየር ይስባል?»

ሮጦ ሄዶ በጣሳ የሳሙና ውሃ በጠበጠ። ሹፌሩ እንዲያስነሣና ቤንዚን እንዳይነካ አዘዘው። አየርና ቤንዚን ተቀላቅሎ ወደ ሞተሩ የሚገባበት ቱቦ አለ፤ ያ ቱቦ ከሞተሩ ጋር በሚጋጠምበት ዙሪያ የሳሙናውን ውሃ በጣቱ ጠብ ጠብ ያደርግ ጀመር። አንደኛው ጋ አረፋው ተቀመጠ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ጋም ተቀመጠ። አራተኛው ጋ ሲደርስ አረፋው ተስቦ ገባ፤ ሞተሩም ለአንድ ትንፋሽ ቀጥ ብሎ ሠራና መልሶ አነከሰ። ይህን ለማወቅ ጆሮ አላስፈለገውም። ደግሞ ጠብ አደረገ፣ ደግሞ ተስቦ ገባ። አባቴ መሬት ላይ ቁጭ አለና ሣቀ።

ጥፋቱ የራሱ መሆኑን ጮክ ብሎ ነው የተናገረው። በቱቦውና በሞተሩ መካከል አየር እንዳያልፍ የሚገባ ጓርኒሲዮን የሚሉት ወፍራም ወረቀት አለ። አዲስ ወረቀት እንዳያባክን ብሎ የአሮጌውን ሞተር ወረቀት ለመጤው አድርጎት ኖሯል። መጤው አፉ በመጠኑ ሰፋ ያለ ነውና ወረቀቱ በአራተኛው በኩል ሊደርስለት አልቻለም። በዚያች ፀጉር በምታህል ክፍተት አየር እየተሳበ ነበር አገሩን ሁሉ ያስጨነቀው። አባቴ አዲስ ወረቀት አምጥቶ ብረቱ ላይ አስተኛውና፣ ዳር ዳሩን በመዶሻ ቀስ እያለ እየመታ ቆረጠው። እኔ ወረቀቱ እንዳይሸሽ በሁለት እጄ ይዤ ነበር። አያ ቢተው ጋቢያቸውን አጣጥፈው ጉድጓዱ ዳር ተቀምጠው ጠበቁ። አባ ጥጋቡም አልሄዱም።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ተገጠመ። ሹፌሩ አስነሣና እግሩን አነሣ። ሴቶቹ እንኳ በርበሬውን እንደያዙ ጥላው ሥር ገብተው ቆመዋል። አባቴ ብርጭቆውን ውሃ ሞልቶ ሞተሩ ራስ ላይ አኖረው። ብርጭቆው ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ውሃው ዳር ዳሩን ብቻ ትንሽ ትንሽ ይርገበገባል። አያ ቢተው አዩት፣ አባ ጥጋቡም አዩት።

አባቴ ግን ብርጭቆውን አላየም። ዘይት በነካው ፊቱ ወደኔ ዞሮ መዳፉን ዘረጋልኝ። አያ ቢተውም ከተቀመጡበት ተነሥተው እኔን ማየት ጀመሩ። ቶሎ ልናገር እችል ነበር፤ አልተናገርኩም። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ አዳመጥኩ፣ ሁሉንም አስጠበቅኋቸው። ከዚያ በጣቴ አባቴ መዳፍ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት መታሁ። ደግሜም አራቱን መታሁ።